በቱርስቪክ ድልድይ ላይ የተፈታው ክር

ቶርኬል ብሩን ከተወለደ ጀምሮ አፉን ዘግቶ የታየው በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ከጀልባ ቤቱ ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ በሚገባው የእንጨት ድልድይ ሥር፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ተገኘ። ያገኘው ሲግቫርድ ኖርሊንግ የተባለ የሰማንያ ዓመት ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ሲሆን፣ ለፖሊስ ሲደውል «ቶርኬል ሞቷል፤ መዘውሩ ግን ደኅና ነው» አለ። በቱርስቪክ የውርወራ ክለብ ዘንድ ይህ የጤነኛ ሰው ንግግር ነው።

የክለቡ አባላት ዓሣ አያጠምዱም። ዓሣ ማጥመድ ለተራ ሰው ነው ይላሉ። የእነሱ ሥራ በማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚታሰረውን መዘውር መፈታታት፣ ኩሽኔታውን በቤንዚን ማጠብ፣ በመርፌ ጫፍ ዘይት ጠብ ማድረግ፣ መልሶ መግጠም፣ ከዚያም በክሩ ጫፍ የታሰረ የፕላስቲክ ፍሬ ወርውሮ ርቀቱን በሜትር መለካት ነው። ሁለት ሜትር ለመጨመር ሲሉ ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ይከርማሉ። ልጆቻቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ብትጠይቋቸው ግን ይደነግጣሉ። ዓመታዊው ውድድራቸው በዚያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሊካሄድ ነበር።

ኢንስፔክተር ጉንቮር ስቴንማን ሦስት ሰዓት ላይ ከከተማ ደረሰች። አጭር፣ አፍንጫዋ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስል፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። ሰው መናቅ ትወዳለች። ከመናቋ በፊት ግን በደንብ ታየዋለች፤ ከሌሎቻችን የምትለየው በዚህ ነው።

የመንደሩ ፖሊስ ኢሳክ ሃልግሬን ድልድዩ ላይ ተቀበላት።

«ብዙም አይድከሙ፣ ኢንስፔክተር። ጉዳዩ ያለቀ ነው» አላት። «ሚስቱ ናት፤ ማይከን። ዳቦ ጋጋሪው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ድልድይ ላይ ስትጮህበት ሰምቷል። ‹ባሕር ይብላህ!› ብላዋለች። ጭንቅላቱ ላይ ቁስል አለ፤ ገፍታው ምሰሶው መትቶት ነው። አሁን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ከተማ እወስዳታለሁ፤ ዐቃቤ ሕጉም ተስማምቷል።»

«እኔም ባሌን በሳምንት ሁለቴ ባሕር ይብላህ እለዋለሁ» አለች ጉንቮር። «እስካሁን ቤቴ ተቀምጦ ድንች ይበላል። ዘንጉ የታለ?»

ዘንጉ በድልድዩ መደገፊያ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። የተጣለ አይመስልም። መዘውሩ ወደ ላይ እንዲሆን፣ እንጨት እንዳይነካው ተደርጎ በጥንቃቄ ተቀምጧል። መዘውሩ ራሱ አሮጌ፣ ክብ፣ የጎን ሽፋኑ ላይ የሰዎች ስም በደቃቅ ጽሕፈት የተቀረጸበት ነው። አዲሱ እጀታው ግን ቀይ፣ ቡሎኖቹም ወርቅ ቅብ ናቸው።

«የክለቡ ዋንጫ ነው» አለ ኢሳክ። «ያሸነፈ ሰው ለአንድ ዓመት ይወስደዋል፤ ስሙም ይቀረጽበታል። አምና ቶርኬል ወሰደው።»

«አሻራስ?»

ኢሳክ አንገቱን አከከ። «ሲግቫርድ ሬሳውን እንዳየ መዘውሩን በመሐረብ ጠርጎታል። ጨው ይበላዋል አለ።»

«ሬሳውንስ ከውሃ አወጣው?»

«እሱንማ ለእኛ ትቶታል።»

ጉንቮር ወደ ዘንጉ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ ክሩን ከመዘውሩ መሳብ ጀመረች። ጫፉ ላይ ምንም ፍሬ አልታሰረም። የመጀመሪያው ሠላሳ ክንድ ልሙጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሽክሽክ ብሎ ተጨማድዷል፤ ሹሩባ ተሠርቶ የተፈታ ጸጉር ይመስላል።

«ከውሃው ያወጣችሁት ሌላ ነገር አለ?»

«ቆሻሻ ነው እንጂ ምን አለ…» ኢሳክ ከኪሱ ቢጫ የፕላስቲክ ፍሬ አወጣ። ከፍሬው ላይ ስንዝር የምታህል ክር ተንጠልጥላለች። ጫፏ በቢላ አልተቆረጠም፤ ተጠቅልሎ ተፈልቅቋል።

«ይህ ተበጥሶ የሄደ ነው» አለች ጉንቮር። «ይቺን ቆሻሻ ፖስታ ውስጥ ክተታት። ሴትዮዋ ጋ ውሰደኝ።»

ማይከን ብሩን በፖሊስ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ምን ቢያደርግዎ ነው የጮኹበት?» አለቻት ጉንቮር።

«ድስቴን!» አለች ማይከን። «የድንች ድስቴ ውስጥ ኩሽኔታ በቤንዚን ዘፈዘፈ። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ነዳጅ ማደያ ሆኖ አደረ። እዚህ ድረስ መጥቼ ይቅርታ በለኝ ብለው ‹ሳይንስ ነው› አለኝ። ሳይንስ! ሰውዬው ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የደገመው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባሕር ይብላህ አልኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። አሁን ማን ያምነኛል? ይሄ ልጅ ፈርዶብኝ ጨርሷል።»

«ባልዎ ክር ሲተበተብበት እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

ማይከን እንደ እብድ አየቻት። «በቢላ ይቆርጠዋል። ‹ትብትብ የሚፈታ ድሃ ነው› ይላል። ቤቴ ክር በክር ነው። የልብስ ማጠቢያዬን አንቆ የገደለው የእሱ ክር ነው።»

«እርስዎስ ፈተውለት ያውቃሉ?»

ሴትዮዋ ሁለት እጆቿን አንስታ አሳየቻት። መገጣጠሚያዎቹ ዝንጅብል መስለው አብጠዋል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። «እኔ? የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ የምታስርልኝ ጎረቤቴ ናት።»

«አዝነዋል?»

«ለድስቴ» አለች ማይከን።

በክለቡ ጀልባ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። ትናንት ማታ ከቶርኬል ጋር የነበሩትና የቤቱ ቁልፍ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ሲግቫርድ ጥግ ይዟል፤ እሱ ያስተምራል እንጂ አይወዳደርም። ዶክተር ሮላንድ ፋልክ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዐሥራ አራት መዘውር አለው፣ ሁሉም ሰማይ የነካ ዋጋ ያወጣ፤ ሆኖም በአንዱም ከአርባ ሜትር አሳልፎ ወርውሮ አያውቅም። የክለቡ ሊቀመንበር ኡላ-ብሪት ዋሊን ደግሞ የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። አሁንም ሰውን የምታየው የቤት ሥራውን ሳይሠራ እንደመጣ ተማሪ ነው።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ክለቡ በውድድሩ ዋዜማ የሚያደርገው ሥርዓት አለ፦ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መዘውሩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ በጣት ይመታና እስኪቆም ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በጠመኔ ይጻፋል። ውስጡ ያሉት ፍሬኖች ብዛትም ይጻፋል። ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ ብሩን፣ ፍሬን የለም፣ 41 ሰከንድ። ፋልክ፣ ፍሬን 3፣ 22 ሰከንድ። ዋሊን፣ ፍሬን 4፣ 19 ሰከንድ። ከሥሩ «ከዚህ በኋላ መዘውር መንካት ያስባርራል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፊርማው የኡላ-ብሪት ነው።

«ፍሬን ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ጉንቮር።

ሲግቫርድ ተነፈሰ። ሕፃን ልጅ የሚያስተምር መሰለ። «ክሩ ሲወረወር ማጠንጠኛው ይሽከረከራል። ከፍሬው ከፈጠነ ክሩ ላዩ ላይ ይተበተባል፤ ይቆልፋል፤ ይበጠሳል። ያን የሚከለክሉት ሩዝ የምታህል ትናንሽ ፍሬኖች ናቸው። ስድስት ቦታ አላቸው። ቶርኬል ስድስቱንም አወጣቸው። ‹ወንድ ፍሬን አያስፈልገውም› አለ። ጠረጴዛ ላይ አርባ አንድ ሰከንድ መሾር መወርወር መሰለው፣ ደንቆሮ!»

«ከሞተ ሰው ጋር አትጣላ» አለ ዶክተሩ። «እኔ ግን ትናንትም ነግሬዋለሁ። የእኔ ኩሽኔታ ሴራሚክ ነው፤ የእሱ…»

«ያንተ ኩሽኔታ ካንተ በላይ ነው የሚያውቀው» አለው ሲግቫርድ።

ጉንቮር ወደ ሊቀመንበሯ ዞረች። «ቶርኬል እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ሰው አልነበረም፤ ማስታወቂያ ነበር» አለች ኡላ-ብሪት። «ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቀውን ያስተምራል። ሃያ ሺህ ሰው ይከተለዋል፤ ሃያ ሺው ሁሉ መዘውሩን አበላሽቷል።»

«ዛሬ በካሜራው ምን ሊቀርጽ ነበር?»

ኡላ-ብሪት ዓይኗን ወደ ሰሌዳው መለሰች። ዶክተሩ ግን ዝም ማለት አይሆንለትም። «ዋንጫውን ሊበሳው ነበር! በትራፓኖ። የጎን ሽፋኑን እንደ ወንፊት በስቼ አቀለዋለሁ አለ። ስሞቹስ ብለው ‹ሙታን አይወረውሩም› አለኝ።»

«ጎን መብሳት ሩቅ አያስወረውርም» አለ ሲግቫርድ ወደ መሬት እያየ። «የሚቀለው ቆርቆሮው ነው፤ ማጠንጠኛው አይደለም።»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበራችሁ?»

ሦስቱም አልጋቸው ላይ ነበሩ። ሦስቱም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ይህ ማንንም አልገረመም።

ጉንቮር የቶርኬልን መዘውር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይክፈቱልኝ» አለችው ሲግቫርድን።

ሽማግሌው በሦስት ሰከንድ ከፈተው። ከዚያ ጣቱ ቆመ። ጉንቮር መቆሙን አየች። ውስጡ ሁለት ፍሬኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

ኢሳክ ዘሎ ገባ። «ፊት ለፊት! የአንተ አገጣጠም እኮ ነው፣ ሲግቫርድ! መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል!»

«የእኔ ነው» አለ ሲግቫርድ። «ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ሁሉንም አስተምሬአለሁ።»

«ትርፍ ፍሬን የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚያ መሳቢያ ውስጥ። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።»

«እኔ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አሽጌዋለሁ» አለ ኢሳክ ደረቱን ነፍቶ። ዕድሜ ልኩን የሠራው አንድ ጠቃሚ ነገር ይህ ነበር፤ እሱ ግን አላወቀውም።

የጉንቮር ስልክ ጠራ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነው። እየሰማች ድልድዩን በመስኮት ተመለከተች፤ «አሥሩም?» አለችና ዘጋች። ከዚያ ከቦርሳዋ ባወጣችው ደረቅ ዳቦ ላይ የዓሣ እንቁላል ቀብታ በላች፤ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

«ማይከንን አምጣት» አለችው ኢሳክን። «በሩ ጋ ትቁም፤ ትስማ። ዶክተር፣ ወይዘሮ ዋሊን፣ መዘውራችሁን እንደ ትናንትናው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ።»

«ከውድድር በፊት መነካት የለበትም» አለች ኡላ-ብሪት።

«ውድድር የለም።»

«እንዴት የለም?» አለ ዶክተሩ ደንግጦ። ስለ ቶርኬል ሲሰማ ይህን ያህል አልደነገጠም።

መዘውሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ጉንቮር እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ መናገር ጀመረች።

«ቶርኬል ዛሬ ጠዋት ያለ ፍሬን ወረወረ። ክሩ ተተበተበ፣ ተበጠሰ፣ ቢጫው ፍሬ ባሕር ገባ። ተበጥሶ የሄደ ፍሬ ካለ መዘውሩ ላይ ትብትብ መኖር አለበት። የለም። ክሩ ተጨማድዷል፤ ስለዚህ ትብትቡ ነበረ፤ አንድ ሰው ፈትቶታል። ቶርኬል አይፈታም፤ ይቆርጣል። ሚስቱ የጫማዋን ክር እንኳ መፍታት አትችልም። እንግዲህ እሷ ከሄደች በኋላ ሌላ ሰው መጥቷል። ቶርኬል ቆሞ እያየም ማንም መዘውሩን አይነካበትም። ስለዚህ ክሩ ሲፈታ ቶርኬል ውሃ ውስጥ ነበር።»

ኢሳክ ቢጫው ፍሬ ያለበትን ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያ ሰው ክሩን ፈትቶ አላበቃም። ሁለት ፍሬን ጨመረበት፤ በሥርዓቱ፣ ፊት ለፊት። ሰው ገድሎ ሲያበቃ ይህን የሚያደርግ ከእናንተ በቀር ማን አለ? ሌባ ይሮጣል። ቀናተኛ ያለቅሳል። እናንተ መዘውር ታስተካክላላችሁ! ሟቹን ንቃችሁት ስለነበር ብልሹ ሥራውን እንኳ እንዳለ መተው አልቻላችሁም።»

ጉንቮር ወደ መሳቢያው ጠቆመች።

«ፍሬኖቹ ከየት መጡ? መሳቢያው ተቆልፎ ነበር። ማለዳ ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ፍሬን ቢያስፈልገው የሚያገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከራሱ መዘውር። ዶክተር፣ ያንተን ምታው።»

ዶክተሩ ማጠንጠኛውን በጣቱ መታ። ሳይጠየቅ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። «…ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ቆመ!»

«ሰሌዳው ላይም ሃያ ሁለት ነው። የወይዘሮ ዋሊንን ምታው።»

«አይነካም» አለች ኡላ-ብሪት።

ዶክተሩ ግን መትቶታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያምረው ዓለም ቢፈርስም አይሰማም። «…አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ…» መዘውሩ አልቆመም። «ሃያ አራት… ሃያ ሰባት… ሃያ ስምንት።» ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። «ኡላ-ብሪት፣ ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነበር እኮ። ፍሬን ቀንሰሻል! ይሄ ያስባርራል!»

«ሊያስባርራት ይችላል» አለች ጉንቮር። «አንድ ነገር ይቀረናል። መዘውሩ ጎን ላይ ያለው ማጥበቂያ ለሚወረወረው ፍሬ ክብደት የሚስተካከለው ፍሬውን አንጠልጥሎ ነው አይደል? ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ መሬት ሲነካም ማጠንጠኛው አብሮ እንዲቆም።» የቶርኬልን ዘንግ ከነመዘውሩ አነሳች፤ ቢጫውን ከባድ ፍሬ አሰረችና ለቀቀችው። ወለሉን ደው አድርጎ መታ፤ ክሩ ማጠንጠኛው ላይ ተዝረከረከ። ከባዱን ፈትታ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳችውን ትንሽ ነጭ ፍሬ አሰረች። ነጩ ዝግ ብሎ ወረደ፤ ወለሉን እንደነካ ማጠንጠኛው ጸጥ አለ። «ቶርኬልና ዶክተሩ የሚወረውሩት ከባዱን ነው። ቀላሉን የሚወረውር ማነው?»

«ኡላ-ብሪት ብቻ» አለ ዶክተሩ።

ጉንቮር ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎ መዘውሩን ሲከፍቱ ጣትዎ ቆመ። ምን አዩ?»

ሲግቫርድ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን ጠረገ። «ፍሬኖቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ለቀላል ፍሬ እንዲሆኑ ግማሻቸውን ልጬዋለሁ። ለእሷ ብቻ ነው እንዲያ የምሠራው።»

«ማይከን መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ልትወሰድ፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር።»

«ኡላ-ብሪት ጥሩ እጅ አላት» አለ ሲግቫርድ። «ካስተማርኳቸው ሁሉ በትክክል የተማረችው እሷ ብቻ ናት።» ጉንቮር ያየችበት አስተያየት ለእሱ ከእስር ይከፋ ነበር።

ኡላ-ብሪት ተቀምጣ ነበር። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ልለምነው ነው የሄድኩት። ዋንጫው ላይ ያለው የመጀመሪያው ስም የአባቴ ነው፤ ኤርላንድ ዋሊን። ክለቡን የመሠረተው እሱ ነው። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ቶርኬል ሳቀ። እስኪ እይ ብሎ ወረወረ፤ ተተበተበበት። ቢላውን አወጣ። ‹ትራፓኖውን የምጀምረው ካባትሽ ነው› አለኝ። ገፋሁት። ምሰሶው መታው፤ ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«መዘውሩ እዚያው ድልድዩ ላይ ቀርቶ ነበር። ሰው መጥቶ እንደዚያ ሆኖ ቢያየው ምን ይላል? የአባቴ መዘውር፣ በዚያ ሁኔታ! ተቀምጬ ፈታሁት። በትዕግሥት ከተያዘ ሁሉም ይፈታል።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«ሃያ አምስት።»

«ሐኪሙ ደውሎልኝ ነበር» አለች ጉንቮር። አሁን ድምጿ ውስጥ የነበረው ንቀት ብቻ አልነበረም፤ ተቆጥታለች። «ቁስሉ አልገደለውም። የሞተው ሰጥሞ ነው። የአሥሩም ጣቶቹ ጥፍር ሥር የምሰሶው እንጨት ስንጥር አለ። ከእግርዎ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። እጅዎን ቢዘረጉለት ይወጣ ነበር። አልሰሙትም?»

«መጀመሪያ ላይ ይጮህ ነበር» አለች ኡላ-ብሪት።

በሩ ጋ የቆመችው ማይከን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ሟሸሸ። «ምን እያለ?»

ኡላ-ብሪት ዞር ብላ አየቻት፤ ገና አሁን መኖሯን ያወቀች ይመስል ነበር።

«ስምሽን እየጠራ።»

«ስንት ጊዜ ጠራኝ?»

«አልቆጠርኩም» አለች ኡላ-ብሪት። «ክሩን እየፈታሁ ነበር።»